የዳሽቦርድ ነጸብራቅ በመኪና የፊት መስታወት ላይ፦ ተደጋግመው የሚጠየቁ ጥያቄዎች

ጥያቄዎቹ ከቀላሉ ወደ ከባዱ የተደረደሩ ናቸው፤ የሚፈልጉትን ብቻ ነጥለው ማንበብ ይችላሉ።

መንገዱን ሳይ ዳሽቦርዱ መስታወቱ ላይ ይታየኛል። መስታወቱ ተበላሽቶ ነው?

አይደለም። የትኛውም መስታወት፣ አዲስም ይሁን ንጹሕ፣ ከሚያርፍበት ብርሃን ጥቂቱን ይመልሳል። የመኪና የፊት መስታወት ሁለት ብርጭቆዎች በመሃላቸው ስስ ፕላስቲክ ገብቶ የተጣበቁበት ነው። ብርሃን የሚመልሱት ሁለቱ ፊቶቹ፣ ማለትም ወደ ሹፌሩና ወደ ውጭ የዞሩት ናቸው። ብርሃኑ ፊት ለፊት ሲመጣ እያንዳንዱ ፊት 4 በመቶ ያህል ይመልሳል። ይሁን እንጂ በቤት መኪና ላይ መስታወቱ በጣም ስለሚጋደም ብርሃኑ የሚያርፈው ሰያፍ ሆኖ፣ በ60 ዲግሪ አካባቢ ነው (ፊት ለፊት የሚመጣው 0 ዲግሪ ተብሎ ሲቆጠር)። ያኔ የአንዱ ፊት ድርሻ ወደ 9 በመቶ፣ የሁለቱ ድምር ደግሞ ወደ 16 በመቶ ይወጣል። ከዳሽቦርዱ ተነሥቶ መስታወቱን ከሚመታው ብርሃን አንድ ስድስተኛው ገደማ ዓይንዎ ውስጥ ይገባል ማለት ነው።

አንድ ወረቀት ሁለት ሆኖ፣ ትንሽ ተዛንፎ የሚታየውም ለዚህ ነው፤ አንዱ ምስል ከውስጠኛው ፊት፣ ሌላው ከውጨኛው ይመጣል። ስለዚህ መስታወት ማስቀየር ገንዘብ መጣል ነው። አዲሱም ያንኑ ያህል ይመልሳል። ሥራው ያለው ዳሽቦርዱ ላይ ነው።

ሁልጊዜ አይታየኝም። የሚብሰው መቼ ነው?

ሁለት ነገር ሲገጣጠም ነው፤ ዳሽቦርዱ በፀሐይ ሲመታ እና ከፊት ያለው መንገድ ሲጨልም። ከቀኑ 7 ሰዓት ላይ በቀለበት መንገድ እየነዱ ወደ አንድ ድልድይ ሥር ሊገቡ ሲሉ ያስተውሉ። ዳሽቦርዱ ገና ፀሐይ ላይ ነው፣ ድልድዩ ሥር ያለው እግረኛ ግን ጥላ ውስጥ ነው። በዚያች ቅጽበት መስታወቱ ላይ የሚታየው የዳሽቦርዱ ምስል ከእግረኛው ይበልጥ የደመቀ ሊሆን ይችላል። በሰዓት 60 ኪሎ ሜትር የሚሄድ መኪና በአንድ ሰከንድ 17 ሜትር ያህል ይጓዛል፤ ስለዚህ አንድ ሰከንድ መዘግየት ቀላል ነገር አይደለም። ዛፍ ጥላውን የጣለበት መንገድና የሕንፃ ሥር መኪና ማቆሚያ መግቢያም እንዲሁ ናቸው።

ከሰዓት አንጻር ከጠዋቱ 4 ሰዓት እስከ ቀኑ 9 ሰዓት ያለው ይከፋል፤ ፀሐይ ከፍ ብላ በተጋደመው መስታወት በኩል ቀጥታ ዳሽቦርዱ ላይ ትወድቃለችና። አዲስ አበባ ላይ ፀሐይ በትክክል አናት ላይ የምትሆነው በዓመት ሁለት ጊዜ፣ በሚያዝያ መጀመሪያና በነሐሴ መጨረሻ ነው። በታኅሣሥ ግን እኩለ ቀን ላይ እንኳ ወደ ደቡብ አዘንብላ 57 ዲግሪ ገደማ ላይ ትቀራለች። በዚያ ወር ወደ ሐዋሳ የሚነዳ ሰው ዳሽቦርዱ ቀኑን ሙሉ ሲበራ ይውላል። በተቃራኒው አቅጣጫ የሚመለሰው ደግሞ ጣሪያው ስለሚከልለው እምብዛም አይቸገርም። ያው መኪና፣ ያው መንገድ ሆኖ ሲሄዱ አስቸግሮ ሲመለሱ የሚጠፋበት ምክንያት ይህ ነው።

ዳሽቦርድ ላይ የተቀመጠች አንዲት ወረቀት ይህን ያህል ለውጥ ታመጣለች?

ታመጣለች። ነጭ ወረቀት ከሚያርፍበት ብርሃን 80 በመቶ ያህሉን ይመልሳል፤ ያረጀ አስፋልት ደግሞ 10 በመቶ አካባቢ። ከወረቀቱ ከተመለሰው አንድ ስድስተኛውን መስታወቱ ወደ ዓይንዎ ይልከዋል፤ የ80 ስድስተኛ 13 ገደማ ነው። ወረቀቱ የሚያገኘው ፀሐይ በመስታወቱ ውስጥ አልፎ ስለሚመጣ በመጠኑ ይቀንሳል፤ አስፋልቱም የሚታየው በዚያው መስታወት በኩል ስለሆነ ሒሳቡ ይቻቻላል። ባጭሩ፣ የወረቀቱ ምስል ፀሐይ ላይ ካለው አስፋልት ጋር እኩል ወይም ከዚያ በላይ ይደምቃል። ጥላ ውስጥ ካለው ጋርማ ጭራሽ አይወዳደርም።

ስለዚህ ከሁሉ በፊት ዳሽቦርዱን ባዶ ያድርጉ። የፓርኪንግ ደረሰኝ፣ የሶፍት ካርቶን፣ የፕላስቲክ አበባ፣ በመስታወት የተለበጠ ሥዕል፣ ነጭ የስልክ ቻርጀር ገመድ፣ ሁሉም ወደ ኪስ ወይም ወደ በሩ መደርደሪያ ይግቡ። ቦሎና የመድን ተለጣፊ መስታወቱ ላይ የግድ ነው፤ ሆኖም በጋቢናው በኩል ጥግ ይዘው፣ ያለፈው ዓመት ተፍቆ ይለጠፉ። ሦስት ዓመት የተደራረበ ቦሎ ለእይታም፣ ለትራፊክ ፖሊሱም አይመችም።

የሚያስቸግረኝ ነጸብራቅ ነው ወይስ የመስታወት ቆሻሻ? እንዴት ልለየው?

አምስት ደቂቃ የማይፈጅ ሙከራ አለ። መኪናውን ፀሐይ ላይ፣ ፊቱን ወደ ጥላ ወይም ወደ ጠቆረ ግድግዳ አዙረው ያቁሙ። ሹፌር ወንበር ላይ ተቀምጠው መስታወቱን ይዩ። ከዚያ አንድ ትልቅ ጥቁር ጨርቅ፣ ጃኬትም ይሁን ሻርፕ፣ ዳሽቦርዱ ላይ ዘርግተው እንደገና ይዩ። መጋረጃ መሰሉ ነጭ ብዥታ ከጠፋ ነጸብራቅ ነበር። ጨርቁ ተዘርግቶም ብዥታው ካልለቀቀ መስታወቱ ውስጡ ቅባት ይዟል ማለት ነው። ብዥታው ፀሐይ ወይም የመኪና መብራት ፊት ለፊት ሲመጣ ብቻ፣ እንደ ሸረሪት ድር በቀጫጭን መስመርና በነጠብጣብ ከታየ ደግሞ የውጨኛው ፊት በአሸዋና በደረቀ የዝናብ መጥረጊያ ተጭሯል። ለጭረቱ ጨርቅም ሳሙናም አያድንም፤ ጥልቅ ካልሆነ በባለሙያ ይሞረዳል፣ ካልሆነ ይቀየራል።

አብዛኛውን ጊዜ ነጸብራቅና ቆሻሻ አንድ ላይ ይመጣሉ። ቆሻሻው ሲለቅ ነጸብራቁ ራሱ ይቀላል፣ ሆኖም አይጠፋም።

ላቫጆ ቤት ዳሽቦርዱን ቅባት ቀብተው አብለጨለጩት። እንዴት ላስለቅቀው?

ይህ ከሁሉም የሚበዛው መንስኤ ሲሆን ለማስተካከልም ቀላሉ ነው። ዳሽቦርድ ከፋብሪካ ሲወጣ ፊቱ ሻካራና የማያብለጨልጭ የሚደረገው ብርሃኑን እንዲበትን ነው። ሲሊኮን ያለበት ቅባት ያንን ሻካራ ፊት ሞልቶ ልሙጥ ያደርገዋል። ያኔ ጥቁር ዳሽቦርድ እንኳ እንደ መስታወት ሆኖ ሰማዩን ወደ መስታወቱ ይልካል። ከዚህም ሌላ ቅባቱ በፀሐይ ሲሞቅ ይተንና የፊት መስታወቱ ውስጥ ላይ ይጋገራል፤ ስለዚህ ጉዳቱ ድርብ ነው።

በአንድ ሊትር ለብ ያለ ውኃ ውስጥ አንድ የሻይ ማንኪያ የዕቃ ማጠቢያ ፈሳሽ ሳሙና (ላርጎ) ይበጥብጡ። ማይክሮፋይበር ጨርቅ ነክረው አጥብቀው ይጭመቁ፤ ውኃ ወደ አየር መውጫውና ወደ ሬዲዮው መግባት የለበትም። ሩብ ሩቡን እየከፈሉ ይጥረጉ፣ በንጹሕ ውኃ በራሰ ሌላ ጨርቅ ሳሙናውን ያንሡ፣ ከዚያ ያድርቁ። ሲሊኮን በአንድ ዙር አይለቅም፤ ሁለት ወይም ሦስት ጊዜ ይደግሙታል። መልቀቁን የሚያውቁት ጣትዎን ሲያሳልፉበት መንሸራተቱን ትቶ ያዝ ሲያደርግዎት ነው። ቤንዚንና የቀለም ማቅጠኛ አያስጠጉ፤ ፕላስቲኩን ያቀልጡታል ወይም ያነጡታል። በሚቀጥለው ጊዜ ላቫጆ ሲገቡ «ዳሽቦርዱን በእርጥብ ጨርቅ ብቻ» ብለው አስቀድመው ይናገሩ፤ ካልተናገሩ ቅባቱ መምጣቱ አይቀርም። ፕላስቲኩ እንዳይሰነጠቅ መከላከያ ከፈለጉ ውኃ ወለድ የሆነና እንደማያብለጨልጭ የተጻፈበትን ይምረጡ።

የመስታወቱን ውስጥ ባጸዳሁት ቁጥር ዥንጉርጉር ይሆንብኛል። ምን እያጠፋሁ ነው?

ጨርቁ አንድ ስለሆነ ነው። የመጀመሪያው ጨርቅ ቅባቱን ያሟሟል፣ ሁለተኛው መሰብሰብ አለበት። አንድ ጨርቅ ብቻ ከሆነ ቅባቱን ከቦታ ወደ ቦታ ያዞረዋል እንጂ አያነሣውም። ከፋርማሲ የሚገዛ 70 በመቶ አልኮል ከእኩል ንጹሕ ውኃ ጋር ይቀላቅሉ። የእጅ ማጽጃ ጄል ግን አይሆንም፤ ውስጡ ያለው ግሊሰሪን ራሱ ዥንጉርጉር ይጥላል። በጥላ፣ መስታወቱ ቀዝቅዞ ሳለ ይሥሩ። ፈሳሹን የሚረጩት ጨርቁ ላይ ነው፤ መስታወቱ ላይ ከረጩት ወደ ዳሽቦርዱ ይፈስሳል።

ውስጡን ከላይ ወደ ታች፣ ውጭውን ከግራ ወደ ቀኝ ይጥረጉ። በኋላ መስመር ቢቀር ቁም ከሆነ ከውስጥ፣ አግድም ከሆነ ከውጭ መሆኑን ወዲያው ያውቃሉ። መስታወቱና ዳሽቦርዱ የሚገናኙበት ጠባብ ቦታ እጅ አያስገባም፤ ጨርቁን በጠፍጣፋ ማስመሪያ ላይ ጠቅልለው ይድረሱበት። አዲስ መኪና ከሆነ ፕላስቲኩ ራሱ በሙቀት ስለሚተን በየሁለት ሳምንቱ ማጽዳት ሊያስፈልግ ይችላል። ሲያቆሙ የፀሐይ መከላከያ መዘርጋት ይህን ይቀንሰዋል።

ዳሽቦርድ ላይ ለማልበስ ምን ዓይነት ጨርቅ ይሻላል?

ጥቁር ከፋይ። ጥቁር የጥጥ ጨርቅ 4 ወይም 5 በመቶ ያህል ብርሃን ሲመልስ ከፋይ ግን ብርሃኑን ፀጉሩ መሃል ስለሚያስቀረው ከዚያ በጣም ያነሰ ይመልሳል። ብዙ ታክሲዎች ላይ የሚታየው ረጅም ፀጉር ያለው ምንጣፍም ጥቁር ከሆነ መጥፎ አይደለም። ችግሩ ሰው የሚመርጠው ቀዩን፣ ነጩን ወይም ባለ ነብር ዥንጉርጉሩን መሆኑ ነው፤ ያ ለጌጥ እንጂ ለእይታ አይደለም። አቧራም ቶሎ ይይዛል። አቧራ የጠጣ ጥቁር ምንጣፍ ደግሞ ግራጫ ነው።

ሳቲን፣ ቆዳ መሰል ፕላስቲክና ልሙጥ የፖሊስተር ሽፋን አይግዙ፤ ጥቁር ቢሆኑም ያብለጨልጫሉ። ሱቅ ውስጥ ለመፈተን ጨርቁን ወደ በር ወስደው ሰያፍ ያዙትና በጠርዙ በኩል ይዩት። በዚያ ማዕዘን ብልጭታ ካለው መኪና ውስጥም ያው ነው። ርካሽ ጥቁር ቀለም በስድስት ወር ወደ ቡና ዓይነት እንደሚሄድም ይወቁ። ያን ጊዜ መቀየር ነው እንጂ ቀለም መንከር አያዋጣም፤ ነጭ ሸሚዝ ያበላሻል።

ምን ያህል ልግዛ? እንዴትስ ልቁረጠው?

የትንሽ መኪና ዳሽቦርድ ከበር እስከ በር 1.30 እስከ 1.50 ሜትር፣ ከመስታወቱ እስከ ሹፌሩ ጠርዝ ከ40 እስከ 60 ሳንቲ ሜትር ነው። ከፋይ በብዛት ጎኑ 1.40 ወይም 1.50 ሜትር ሆኖ ስለሚሸጥ አንድ ሜትር ይበቃል፤ ለሙከራም ይተርፋል። ከመቁረጥዎ በፊት ሁለት መዳፍ የሚያህሉ ቁራጮች ከትርፉ ወስደው፣ የአንዱን ፀጉር ወደ መስታወት፣ የሌላውን ወደ ወንበር አዙረው ዳሽቦርዱ ላይ ያስቀምጡ። መስታወቱ ላይ የሁለቱን ምስል ያወዳድሩ። አንዱ ከሌላው በግልጽ ይጠቁራል፤ ሙሉውን ጨርቅ በዚያ አቅጣጫ ያስኪዱ። ይህን ዘልሎ የሚቆርጥ ሰው የገንዘቡን ግማሽ ያጣል።

ልኩን በጋዜጣ ወይም በካኪ ወረቀት ያውጡ። ወረቀቱን ዘርግተው ጠርዙን በጥፍር እየተጫኑ መስመሩን ያስይዙ፣ በእርሳስ ያጥቁሩት፣ ቆርጠው መልሰው ይለኩት። ሦስት ቦታዎች ክፍት ይቀራሉ። አንደኛው ከመስታወቱ ግርጌ ያለው ረጅም የአየር መውጫ ነው፤ ከእሱ 1 ሳንቲ ሜትር ይራቁ፣ አለበለዚያ በክረምት መስታወቱን ጉም ሲይዘው ጉሙን የሚያነሣ አየር ይታፈናል። ሁለተኛው አውቶማቲክ ኤሲ ወይም መብራት ባላቸው መኪኖች ላይ ያለችው፣ እንደ ቁልፍ የምታክል ጥቁር ክብ ሴንሰር ናት። ሦስተኛው የኤርባጉ ክዳን ነው፤ ስለ እሱ በሚቀጥለው ጥያቄ ለብቻው ተጽፏል።

ጠርዙን ልብስ ሰፊ ይዘምዝምልዎ፤ ያልተዘመዘመ ከፋይ በሳምንት ውስጥ ይተረተራል። ለማጣበቅ ባለ ሁለት ፊት ፕላስተርና ማስቲሽ አይጠቀሙ። ፀሐይ ላይ የቆመ መኪና ዳሽቦርድ ከ70 ዲግሪ ሴንቲ ግሬድ በላይ ስለሚሞቅ ማጣበቂያው ቀልጦ ይንሸራተታል፤ ሲነሣም ምልክቱ ይቀራል። 3 በ3 ሳንቲ ሜትር የሆኑ ስድስት የቬልክሮ ቁራጮች ይበቃሉ። የቬልክሮውን አንድ ወገን ጨርቁ ላይ ያሰፉት፣ ዳሽቦርዱ ላይ የሚለጠፈውን ደግሞ ቦታውን በአልኮል ጠርገው ከደረቀ በኋላ ይጫኑት፤ ለአንድ ቀንም ጨርቁን ሳይሰቅሉበት ይቆይ።

ጨርቁ ኤርባጉን አያግደውም?

በአግባቡ ካልተቆረጠ ያግዳል። የጋቢናው ኤርባግ በብዙ መኪኖች ላይ ከዳሽቦርዱ ላይኛ ፊት ተነሥቶ ወደ መስታወቱ ከዚያም ወደ ተሳፋሪው ይነፋል። ይህ ሁሉ የሚያልቀው በሰከንድ ሃያኛ እጅ ገደማ ነው። በላዩ የተጣበቀ ምንጣፍ መንገዱን ሊያስተው፣ ወይም ራሱ ተወርውሮ ፊት ሊመታ ይችላል። «ኤርባግ» የሚለውን ጽሑፍና የክዳኑን ቀጭን ስፌት ይፈልጉ፤ ከስፌቱ ዙሪያ 3 ሳንቲ ሜትር ክፍት ይተዉ። ስፌቱ በማይታይባቸው መኪኖች የጋቢናውን ወገን እንዳለ መተው ይሻላል። ለሹፌሩ ዋናው ከመሪው ፊት ያለው ክፍል ነውና ብዙ አይጎዳም። ያ በኩል ቅባቱ ለቆ ከጸዳ ይበቃል።

ስልክ፣ ሥዕል፣ የሽቶ ጠርሙስ ክዳኑ ላይ ማጣበቅም ያው ነው፤ ኤርባጉ ሲወጣ ጥይት ይሆናሉ።

መስታወቱ ላይ ጥቁር ፊልም ባስለጥፍ ነጸብራቁ ይቀንሳል?

ይብሳል። ፊልሙ የሚለጠፈው በውስጥ በኩል ነው። ከዳሽቦርዱ መጥቶ ከሚመለሰው ብርሃን የሚበዛው ወደ ፊልሙ ሳይገባ ከፊቱ ተመልሶ ዓይንዎ ውስጥ ይገባል፤ እሱ አልቀነሰም። ከውጭ የሚመጣው የመንገዱ ምስል ግን ፊልሙን አልፎ ስለሚመጣ ይጨልማል። ነጸብራቁ ያን ያህል ሳይቀንስ መንገዱ ከደበዘዘ ሚዛኑ ወደ ነጸብራቁ አጋደለ ማለት ነው። የፊት መስታወት ማጥቆር ማታ የሚያመጣው ጣጣ ደግሞ ሌላ ነው።

ዝናብ እንዳይዝ ተብለው የሚሸጡ የመስታወት ቅቦች የሚሠሩት ለውጨኛው ፊት ነው፤ ከነጸብራቅ ጋር አይገናኙም።

ፖላራይዝድ መነጽር እውነት ይሠራል? ሐሰተኛውንስ በምን ልለየው?

በተጋደመ መስታወት ላይ በሚገርም ሁኔታ ይሠራል፤ ምክንያቱም ደስ የሚል ነው። ብርሃን ከብርጭቆ ላይ በሰያፍ ሲመለስ ንዝረቱ ወደ አንድ አቅጣጫ፣ እዚህ ላይ ወደ አግድም፣ ይሰበሰባል። ማዕዘኑ (ፊት ለፊት የሚመጣው 0 ሆኖ) 57 ዲግሪ አካባቢ ሲሆን መሰብሰቡ ሙሉ ይሆናል። የአብዛኞቹ የቤት መኪኖች መስታወት በአጋጣሚ ከዚያ ማዕዘን ብዙም አይርቅም። ፖላራይዝድ መነጽር ደግሞ አግድሙን ንዝረት የሚያግድ ነው። ስለዚህ የወረቀቱ ምስል መነጽሩ ሲደረግ ይጠፋል፣ ሲወልቅ ይመለሳል። በመስታወቱ ዳርና ዳር፣ ብርጭቆው በሚታጠፍበት፣ ጥቂት ይቀራል፤ ጭንቅላትዎን ወደ ትከሻዎ ካዘነበሉም ይመለሳል። ይህ የመነጽሩ ብልሽት አይደለም።

መርካቶም ሆነ ሌላ ቦታ «ፖላራይዝድ» የሚል ተለጣፊ ያለበት ሁሉ እውነተኛ አይደለም። ፈተናው ቀላል ነው። ዳሽቦርድ ላይ ነጭ ወረቀት አድርገው ነጸብራቁን በአንዱ የመነጽር ዓይን በኩል እያዩ መነጽሩን እንደ ሰዓት ቆጣሪ ሩብ ዙር ያዙሩት። ምስሉ ጠፍቶ ከመጣ እውነተኛ ነው፤ ዝም ብሎ ጠቆር እንዳለ ከቀጠለ ተራ ጥቁር መነጽር ገዝተዋል። መኪናው ሩቅ ከሆነ በብዙ የስልክ ስክሪን ላይም ይሠራል፤ ሲያዞሩት ስክሪኑ በአንድ አቅጣጫ ይጨልማል።

መነጽሩ ለማታ አይሆንም። ቢጫ «የማታ መንጃ» የሚባለውም ለነጸብራቅ የሚያደርገው ነገር የለም። የንባብ ወይም የርቀት መነጽር ላይ የሚቀባው ፀረ ነጸብራቅ ደግሞ የራሱን የመነጽሩን ነጸብራቅ ብቻ ይቀንሳል፤ በመኪናው መስታወት ላይ ያለውን አይነካም።

የምነዳው ከባድ መኪና ነው። ዳሽቦርዱን ሸፍኜም መነጽር አድርጌም ለውጥ የለም። ለምን?

መስታወትዎ ቀጥ ብሎ የቆመ ስለሆነ ነው። ምስሉ ከየት እንደሚመጣ በመስታወቱ ጋደማ ይወሰናል። ከወለል አንጻር 30 ዲግሪ ብቻ በተነሣ መስታወት ላይ አድማሱን ሲያዩ የሚመለሰው ምስል ከዳሽቦርዱ የሩቅ ጠርዝ፣ መስታወቱ ግርጌ ካለው ክፍል ነው። 45 ዲግሪ ከሆነ ቀጥታ ከሥሩ ካለው ይመጣል። ወደ 60 ዲግሪና ከዚያ በላይ በቆመው፣ ማለትም በከባድ መኪና፣ በአውቶቡስ፣ በድሮ ላንድክሩዘርና በባጃጅ ላይ፣ ምስሉ የሚመጣው ከመሪው፣ ከጭንዎና ከሸሚዝዎ ነው። ነጭ ሸሚዝ የለበሰ የአውቶቡስ ሹፌር መስታወቱ ላይ የሚያየው ራሱን ነው።

ስለዚህ እዚህ የሚሸፈነው የዳሽቦርዱ የቅርብ ጠርዝ ነው፤ የሚለበሰውም ጠቆር ያለ ልብስ፤ ጭን ላይ የሚጣል ነጭ ፎጣም ይነሣ። መነጽሩ ያልረዳው ብርሃኑ ወደ ፊት ለፊት ተጠግቶ ስለሚያርፍ ንዝረቱ ስለማይሰበሰብ ነው። ደስ የሚለው ነገር በዚህ ማዕዘን መስታወቱ የሚመልሰው 8 በመቶ ገደማ ብቻ፣ ማለትም የተጋደመው ከሚመልሰው ግማሹ ነው።

ዳሽቦርዴ ክሬም ቀለም ነው። ጥቁር ቀለም ላስቀባው?

መጀመሪያ ጨርቁን ይሞክሩ፤ ይነሣል፣ ይታጠባል፣ ካልወደዱት ይጣላል። ቀለም ግን አይመለስም። የግድ ከሆነ ለፕላስቲክና ለቪኒል የተሠራ፣ የማያብለጨልጭ ቀለም ይሁን። ተራ የቆርቆሮ ስፕሬይ በሙቀት ይሰነጠቅና እንደ ቅርፊት ይነሣል። ከቀለሙ በፊት ሲሊኮኑ ፈጽሞ መልቀቅ አለበት፤ ቅሪት ካለ ቀለሙ ዓሣ ዓይን የመሰለ ቀዳዳ እያወጣ አይዝም። የኤርባጉ ክዳን ስፌት በቀለም መደፈን የለበትም፤ ይህን የማያውቅ ቀቢ ከሆነ ሥራውን አይስጡት።

ማታ ስልኬና ሬዲዮው መስታወቱ ላይ ይታያሉ። ምን ላድርግ?

ማታ ዳሽቦርዱ ጨለማ ስለሆነ የሚታየው ራሱ የሚያበራ ነገር ብቻ ነው። ለካርታ የሚያገለግለውን ስልክ ዳሽቦርዱ ላይ አጋድመው አያስቀምጡ፤ ስክሪኑ ወደ ላይ ከዞረ ቀጥታ መስታወቱን ያበራል። በአየር መውጫው ላይ በሚሰካ መያዣ ዝቅ ያድርጉት፣ ስክሪኑን ወደ ራስዎ ያዙሩት፣ የማታ ጥቁር ገጽታውን ያብሩ፣ ድምቀቱን ዓይንዎ እስከሚያነበው ድረስ ብቻ ያውርዱ። ከውጭ የተገጠመ ትልቅ አንድሮይድ ስክሪን ብዙ ጊዜ ከመኪናው የፊት መብራት ገመድ ጋር ሳይገናኝ ይገጠማል፤ ስለዚህ ማታም እንደ ቀን ያበራል። ኤሌክትሪሺያኑ የመብራቱን ሽቦ ቢያገናኝልዎ መብራት ሲያበሩ ራሱ ይደበዝዛል።

የፍጥነት ማሳያውን ድምቀት የሚቀንስ ቁልፍ ወይም የሚሽከረከር ማዞሪያ አለ፤ ብዙ ሰው ሳይነካው መኪናውን ይሸጣል። በሚኒባስ ጣሪያ ላይ የሚደረደሩ ባለ ቀለም መብራቶች ደግሞ ቀጥ ባለ መስታወት ላይ ሊታዩ ይችላሉ፤ እነሱን ከማጥፋት ሌላ መላ የላቸውም።

የመንገድ ካሜራዬ የሚቀርጸው ዳሽቦርዱን ነው። መፍትሔ አለው?

ካሜራው በተቻለ መጠን መስታወቱን ይንካ፤ በሌንሱና በመስታወቱ መካከል ክፍተት ከሌለ ነጸብራቅ የሚገባበት የለም። በስልክ ሲቀርጹም እንዲሁ ነው። ክፍተቱን መዝጋት ካልተቻለ በሌንሱ ላይ የሚጠለቅ ፖላራይዝድ ማጣሪያ አለ። ፀሐይ ላይ ቆመው ስክሪኑን እያዩ ቀስ ብለው ያዙሩት፤ ዳሽቦርዱ የሚጠፋበት ቦታ ሲደርሱ ያቁሙ፣ በእርሳስም ምልክት ያድርጉበት። ማጣሪያው ወደ ሌንሱ ከሚገባው ብርሃን ከግማሽ በላይ ይወስዳል፤ ስለዚህ ማታ ታርጋ ማንበብ የሚያስፈልገው ሰው ሲመሽ ቢያወልቀው ይሻላል።

መኪናዬ ፍጥነቱን መስታወቱ ላይ ያሳያል። ፖላራይዝድ መነጽር ሳደርግ ቁጥሩ ጠፋ። ተበላሸ?

አልተበላሸም። ያ ቁጥር ራሱ ሆን ተብሎ የተሠራ የዳሽቦርድ ነጸብራቅ ነው፤ ዳሽቦርዱ ውስጥ ያለ ፕሮጀክተር ወደ መስታወቱ ይልከዋል፣ መስታወቱ ይመልሰዋል። መነጽሩ ወረቀቱን የሚያጠፋው በአንድ ምክንያት ነው፤ ቁጥሩንም በዚያው ምክንያት ያጠፋዋል። ከሁለቱ አንዱን መምረጥ ነው። ጥቁር ጨርቅ ለዚህ ዓይነት መኪና ከመነጽር ይሻላል፤ የፕሮጀክተሩን መውጫ ብቻ ክፍት ይተዉ።

የነዳጅ የቤት መኪና ማስገባት በ2016 ዓ.ም. ከተከለከለ ወዲህ የበዙት አዳዲስ የኤሌክትሪክ መኪኖች ብዙዎቹ በጣም የተጋደመ መስታወትና ሰፊ ዳሽቦርድ አላቸው፤ የአንዳንዶቹም የውስጥ ቀለም ነጣ ያለ ነው። ስለዚህ ጥያቄው እየተደጋገመ መጥቷል። መስታወት ማስቀየር ቢመጣ አንድ ነገር ይያዙ። ቁጥር ለሚያሳይ መኪና የተሠራው መስታወት በሁለቱ ብርጭቆዎች መሃል ያለው ፕላስቲክ ከላይ ወፍሮ ከታች የሚሳሳ ነው፤ ከውስጥና ከውጭ ፊት የሚመጡት ሁለት ምስሎች አንድ ላይ እንዲወድቁ የሚያደርገው ይህ ነው። በተራ መስታወት ከተተካ ቁጥሩ ሁለት ሆኖ፣ አንዱ ከሌላው በላይ ይታያል። መስታወቱ አናት ላይ ካሜራ ያለው መኪና ከሆነም ከተተካ በኋላ ካሜራው እንደገና መስተካከል አለበት። ሁለቱንም ከመግዛትዎ በፊት ጋራዡን ይጠይቁ።